የጥንቸሏ ጆሮ መቼ ይወድቃል? መቼስ ሊያሳስበን ይገባል?

(በሜሪላንድ፣ ጥንቸል በቤታቸው ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን አመሻችሁ? ልጆች፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ? ወላጆች፣ የፊቱን ወንበር ለልጆቹ ስለለቀቃችሁላቸው አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ እነሱ ጓደኛ ነው፤ ከፊት መቀመጥ ይገባቸዋል።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ለዚህ ምሽት ከላካችኋቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። "ስንገዛት ሁለቱም ጆሮዎቿ ወድቀው ነበር፤ አሁን አንዱ ተነሳ፤ ምን ሆና ነው?" "ሎፕ፣ ማለትም ጆሮዋ የሚወድቅ ዝርያ ነች ብለው ሸጡልን፤ ጆሮዋ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ተታለልን እንዴ?" "አንዱ ጆሮዋ ወደ ጎን ተዘርግቶ ቀረ፤ ተሰብሮ ይሆን?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ጥንቸሏ ስንት ሳምንቷ ነው? ይህን ሳናውቅ ስለ ጆሮዋ አንድም ነገር መናገር አንችልም። የ7 ሳምንት ጥንቸል አንድ ጆሮዋ ቢነሳ እያደገች ነው። የ2 ዓመት ጥንቸል ትናንት እኩል የነበሩት ጆሮዎቿ ዛሬ ቢለያዩ ግን እድገት አይደለም፤ አንድ ነገር አሟታል። መልኩ አንድ ነው፣ ትርጉሙ ግን ሰማይና ምድር ነው። ጆሮዋ አንድ ጊዜ ቦታውን ከያዘ በኋላ የሚመጣ ለውጥ የእድገት ለውጥ አይደለም። ይህን አንድ ነገር ይዛችሁ ብትሄዱ ለእኔ በቂ ነው።

ሦስት ነጥቦች አሉኝ። አንደኛ፣ ከልደት እስከ ስድስት ወር ጆሮዋ ላይ ምን ይሆናል? ሁለተኛ፣ የሎፕ ጆሮ ለምን ይወድቃል፣ መውደቁስ ምን ያስከትላል? ሦስተኛ፣ እናንተ ቤት ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ፣ ምንስ አታደርጉም?

ከልደት እንጀምር።

ጥንቸል ስትወለድ ፀጉር የላትም፣ ዓይኗ ተከድኗል፣ ጆሮዋም አይሰማም። የጆሮዋ ቀዳዳ ገና ድፍን ነው። ሁለቱ ጆሮዎች ወደ ኋላ ተለጥፈው ሲታዩ ከትንሿ ጣታችሁ ጥፍር ብዙም አይበልጡም። አንድ ሳምንት ገደማ ሲሆናት ቀዳዳው ይከፈትና መስማት ትጀምራለች። ዓይኗ የሚገለጠው ከ10 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ዓለምን ከማየቷ በፊት ትሰማዋለች። ቤታችሁ ውስጥ ግልገል ከተወለደ በዚያ ሰሞን ጎጆዋ አጠገብ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን አታስነሱ።

አሁን ይህን ልብ በሉ። ጆሮዋ ተንጠልጥሎ የምትወለድ ጥንቸል የለችም። እናቷ ሎፕ፣ አባቷ ሎፕ ቢሆኑም የለችም። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ ጆሮው ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ከዚያ ቀና ይላል። ስለዚህ በ4 ወይም በ5 ሳምንቷ ጆሮዋ የቆመ ሎፕ የሸጠላችሁ ሰው አላታለላችሁም፤ ጆሮዋ ገና ጊዜው አልደረሰም።

ራሳችሁ ለምታራቡ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሆላንድ ሎፕና ኔዘርላንድ ድዋርፍ የሚባሉት ትናንሽ ዝርያዎች የድንክነት ዘረመል አላቸው። ያንን ዘረመል ከእናትም ከአባትም የወረሰች ግልገል ከወንድሞቿ በጣም ታንሳለች፤ ጆሮዋ ጥቃቅንና ወደ ኋላ የሸሸ፣ ግንባሯም ያበጠ ይመስላል። አርቢዎች "ኦቾሎኒ" ይሏታል። አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ወተት አነሰ፣ ብርድ መታት ብላችሁ ራሳችሁን አትክሰሱ፤ ስትፀነስ የተወሰነ ነገር ነው።

ከ3 ሳምንት በኋላ ጆሮ ሩጫውን ይጀምራል። ጆሮ ይቀድማል፣ ሰውነት በኋላ ይደርስበታል። በሁለት ወሯ "ይህ ጆሮ የሷ ነው ወይስ የተዋሰችው?" የሚያሰኝ መልክ የሚኖራት ለዚህ ነው። በ4 እና በ5 ወሯ፣ ለአቅመ ርቢ ስትደርስ ጭንቅላቷ ይሰፋል፣ ጉንጯ ይሞላል፣ በተለይ የወንዱ። ያኔ ትልቅ ይመስል የነበረው ጆሮ ተመጣጣኝ ይሆናል። ጆሮው አላጠረም፤ ሌላው አካል ነው የደረሰበት።

ከጆሮ ሁሉ ልዩ የሆነውን የእንግሊዝ ሎፕን ካላነሳሁ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። የእሷ ጆሮ የሚለካው ከአንዱ ጫፍ ተነስቶ በአናት በኩል እስከ ሌላው ጫፍ ነው። የአሜሪካ ጥንቸል አርቢዎች ማኅበር ለውድድር የሚቀበለው ትንሹ ርዝመት 21 ኢንች፣ ማለትም 53 ሴንቲሜትር ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዊቺታ፣ ካንሳስ በተካሄደ ትርኢት የተለካው ክብረ ወሰን ደግሞ 79 ሴንቲሜትር ነው። ሰባ ዘጠኝ! እንዲህ ያለው ጆሮ መሬት ላይ ይጎተታል፤ ጥንቸሏ ስትዘል በራሷ ጥፍር ትረግጠውና ትቀደዋለች። ይህን ዝርያ የምታሳድጉ ጥፍሯን በየአራት ሳምንቱ ቁረጡ፤ ሽቦ ወለልም አታስነኳት።

ልጆች የጠየቁኝን የቀለም ለውጥም እዚሁ ልመልስ። ካሊፎርኒያና ሂማላያን የሚባሉት ነጭ ሆነው ይወለዳሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ጆሯቸው፣ አፍንጫቸው፣ እግራቸውና ጅራታቸው ይጠቁራል። ለምን? ቀለሙን የሚሠራው ኬሚካል ሙቀት አይወድም። በሞቀው የሰውነት ክፍል ሥራውን ያቆማል፣ በቀዘቀዘው ክፍል ይሠራል። ጆሮ ደግሞ ከሰውነት ሁሉ ቀዝቃዛው ነው። በብርድ ወራት የጆሮዋ ጥቁረት ቢጨምር፣ በሙቀት ወራት ቢቀል አትደንግጡ። ቆዳው ቅርፊት ካልያዘ፣ ፀጉሩም ካልተመለጠ በሽታ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፤ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ያለው እዚህ ነው።

የሎፕ ጆሮ እንዴት ይወድቃል? ለሆላንድ ሎፕ ጊዜው ባብዛኛው ከ4 እስከ 12 ሳምንት ነው። መጀመሪያ ጆሮው ቀና ከማለት ይልቅ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ከፊት ስታይዋት የአውሮፕላን ክንፍ ነው። ቀጥሎ አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ይቀራል። ሁለቱም ይወድቃሉ፤ ደስ ብሎን ፎቶ አንስተን ሳንጨርስ አንዱ መልሶ ይነሳል። ሲሞቃት ይነሳል፣ የምትሰማው ድምፅ ሲኖር ይነሳል፣ ስትሮጥ ይነሳል። ስትረጋጋ ይወርዳል። ይህ መውጣት መውረድ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ብዙዎቹ በ3 እና በ4 ወር መካከል ይረጋጋሉ፤ እስከ 6 ወር የሚቆዩም አሉ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ሦስት ነገሮች በአንድ ፍጥነት አለማደጋቸው ነው። አንደኛው የጆሮው ክብደት፣ ሁለተኛው ጆሮውን የሚያቆመው ልም አጥንት፣ ሦስተኛው ሁለቱ ጆሮዎች ከአናት ላይ የሚነሱበት ስፍራ። በእጃችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ጥንቸሏ በተረጋጋችበት ሰዓት ሁለት ጣታችሁን በጆሮዎቿ መካከል አናቷ ላይ አሳርፉና ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከጆሮ እስከ ጆሮ የተዘረጋ፣ ወፈር ያለ፣ ጫን ስትሉት ትንሽ የሚሰጥ ጠርዝ ይሰማችኋል። አርቢዎች "ዘውድ" ይሉታል። በ6 ሳምንቷ ቀጭን ነው፤ በ4 ወሯ ሙሉ ነው። ዘውዱ ሰፍቶ ወደ ፊት ሲመጣ ጆሮው ወደ ፊትና ወደ ጎን ይወርዳል። ዘውዱ ጠባብ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ጆሮው ተዘርግቶ ወይም ቆሞ ይቀራል።

ስድስት ወር አልፎ አንዱ ብቻ ከወደቀ በዚያው ይቀራል ብላችሁ ተቀበሉት። "ግማሽ ሎፕ" ይሏታል። ለውድድር አትሆንም፤ ለቤት ግን ምን ጎደላት? ምንም!

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ጆሮው እንዲወድቅ ፕላስተር የሚለጥፉ፣ ክብደት የሚያንጠለጥሉ ሰዎች አሉ። አታድርጉ። እባካችሁ አታድርጉ! የጆሮ ቆዳ ስስ ነው፤ ፕላስተሩ ሲላጥ አብሮ ይላጣል። የታጠፈው ልም አጥንት ደም ያንሰዋል። ቀዳዳውም ይታፈንና ይረጥባል፤ ከዚያ ይመግላል። ጆሮውን የሚጥለው ዘር ነው፣ ፕላስተር አይደለም።

ዘር ስንል ለዘረመሉ አሠራር ከሆላንድ ሎፕ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ የለም። ኔዘርላንዳዊው አድሪያን ደ ኮክ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትንሽ ሎፕ ለማግኘት ተነሳ። ትልቁን የፈረንሳይ ሎፕ ከትንሿ ኔዘርላንድ ድዋርፍ ጋር አዳቀለ። ግልገሎቹ ሲያድጉ ምን ሆኑ? የሁሉም ጆሮ ቆመ! የቆመው ጆሮ በረታ፣ የወደቀው ተሸፈነ። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ከነዚያ አንዷን ከእንግሊዝ ሎፕ ጋር መልሶ አዳቀላት። ያኔ በአንድ ሆድ ውስጥ ጆሮው የወደቀ፣ የቆመና ግማሽ ሎፕ የሆነ ተቀላቅሎ ተወለደ። ዝርያው አገሩ ላይ በይፋ እውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ትዕግሥት ማለት ነው። እንግዲህ የእናንተ ጥንቸል ከወላጆቿ አንዱ ጆሮው የቆመ ከነበረ፣ ጆሮዋ ላይወድቅ ይችላል።

የጆሮ መውደቅ የመልክ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ዳርዊን ሳይቀር አስተውሎታል። እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው ሥራው የግማሽ ሎፕን ራስ ቅል መርምሮ፣ ጆሮው በወደቀበት ወገንና በቆመበት ወገን አጥንቱ እኩል አለመሆኑን ጽፏል። ጆሮ አጥንትን ሲለውጥ አስቡት።

በጆሮው ውስጥስ? እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ስሙኝ። የጥንቸል የጆሮ ቦይ ልም አጥንት የከበበው ቱቦ ነው፤ ቱቦው ግን አንድ ወጥ አይደለም፣ በሁለት ክፍሎች መካከል ክፍተት አለው። የሎፕ ጆሮ የሚታጠፈው እዚያ ክፍተት ላይ ነው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ ሲታጠፍ ውሃው ምን ይሆናል? ይታገዳል። የሎፕም ኩክ እንዲሁ ነው፤ መውጫ ያጣል፣ ከታጠፈው በታች ይጠራቀማል። የተጠራቀመው ኩክ ሲመግል የጥንቸል መግል እንደ ሰው አይፈስም፤ እንደ አይብ የደደረ ነው። ወደ ውጭ መሄድ ሲያቅተው በጆሮ ሥር ያብጣል፣ ወይም ታምቡሩን አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ወደ ውስጥ ሲገባ ሚዛኗን ያስታል፤ አንገቷ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል።

እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ ውስጥ በታተመ ጥናት ከመጠለያ የመጡ 30 ጥንቸሎች ተመርምረዋል፤ 15 ሎፕ፣ 15 ጆሯቸው የቆመ። የሎፖቹ ቦይ ጠባብ፣ ኩካቸው የበዛ፣ ጆሯቸው ሲነካም ሕመም የሚያሳዩት የበዙ ሆነው ተገኝተዋል። የጥርስ ችግርም ታክሎባቸዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሐኪሞች በየቀኑ ከሚያዩት ጋር ግን ይስማማል። ሎፕ አታሳድጉ እያልኩ አይደለም። ሎፕ ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ ጆሮዋን አዘውትሮ ማየት አለበት ነው የምለው።

እንዴት ነው የሚታየው? ሦስተኛው ነጥብ ይህ ነው።

ቀን መድቡ፤ እሑድ ጠዋት ይሁን። መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ከሥር ፎጣ አንጥፉ። ጥንቸሏን በጉልበታችሁ መካከል፣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጋችሁ አስቀምጧት። ከመክፈታችሁ በፊት መጀመሪያ ዳስሱ። አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን ከጆሮው ሥር በግራና በቀኝ አድርጋችሁ ከላይ ወደ ታች ሂዱ። ሁለቱን ወገን አነጻጽሩ። በአንዱ ወገን ጉብ ያለ፣ ጠንከር ያለ ነገር አለ? ስትነኩት ራሷን ትነጥቃለች? ጥርሷን ታፋጫለች? መልሳችሁ አዎ ከሆነ የሐኪም ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ጆሮውን ቀስ ብላችሁ አንሱት፤ አትጎትቱት፣ በመዳፋችሁ ደግፉት። በትንሽ ባትሪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ጤነኛ ጆሮ ሮዝ ነው፣ ደረቅ ነው፤ ቢጫ ወይም ብርቱካንማ ቀጭን ኩክ ሊኖረው ይችላል። ከዚያ አሽትቱት፤ አዎ፣ አፍንጫችሁን አስጠጉ። ጤነኛ ጆሮ አይሸትም።

ልጆች፣ ይህኛው ለእናንተ ነው። ባትሪውን ከጆሮው ኋላ አብሩት። መሀል ለመሀል የሚወርድ አንድ ቀይ መስመር፣ በጠርዙም ዙሪያ ሌላ መስመር ታያላችሁ። የመሀሉ ደም ወሳጅ፣ የጠርዙ ደም መላሽ ነው። ጥንቸል እንደኛ አታልብም። ሲሞቃት እነዚያ ሥሮች ይሰፉና ሙቀቱን በጆሮ ያስወጣሉ፤ ሲበርዳት ይጠባሉ። ጆሮዋ ሞቀ ማለት ትኩሳት ያዛት ማለት አይደለም፣ ቀዘቀዘ ማለትም ሞተች ማለት አይደለም። በሐምሌ የሜሪላንድ ሙቀት ግን ጆሮዋ እሳት ሆኖ፣ ቶሎ ቶሎ ተንፍሳ፣ ከተዘረረች ወደ ቀዝቃዛ ክፍል አስገቧት፣ ጆሮዋን በቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ጨርቅ አብሱ፣ ለሐኪም ደውሉ። በረዶ አታስነኳት፤ ሥሩ ይጠባና ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግዳል። ከ80 ፋራናይት፣ ከ27 ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አትተዋት።

ባትሪው ወደ ውስጥ ሲበራ ቡናማ ግራጫ ቅርፊት ተደራርቦ ብታዩ፣ ራሷንም ብትነቀንቅ፣ ጆሮዋን ብታክ፣ የጆሮ እከክ ነው። የሚያመጣው በዓይን በጭንቅ የሚታይ ተባይ ነው። እጃችሁ ይበላችኋል፤ ቅርፊቱን ግን አትላጡት! ከሥሩ ያለው ሥጋ ነው፤ ታሠቃዩአታላችሁ። ሐኪሙ በክብደቷ ልክ አይቨርሜክቲን ወይም ሴላሜክቲን ይሰጣታል፣ ቅርፊቱ ራሱ ይረግፋል። መድኃኒቱ ይደገማል፤ ምክንያቱም የተባዩ ሙሉ ዑደት ወደ ሦስት ሳምንት ነው፣ እንቁላሉም ከመጀመሪያው ዙር ይተርፋል። ጎጆዋን እጠቡ፣ ድርቆሿን ጣሉ፣ አብራት ያለችው ጥንቸል ምልክት ባይታይባትም አብራ ትታከም።

አሁን ሕይወት የሚያድን ነገር ልናገር፤ ስልካችሁን አስቀምጡ። ለውሻና ለድመት ቁንጫ የሚቀባ ፊፕሮኒል ያለበት መድኃኒት ጥንቸል ይገድላል። ይገድላል! ሁለተኛ፣ በብዙ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሲሲሊን አይጠፋም። ጆሮዋ መገለ ብላችሁ በአፏ እንዳትሰጧት። አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጨርስና መርዛማዎቹ ይነግሣሉ፤ በቀናት ውስጥ ትሞታለች። ሦስተኛ፣ የጥጥ እንጨት ቦዩ ውስጥ አታስገቡ፤ ኩኩን ወደ ታች ትጠቀጥቁታላችሁ።

አገር ቤት ጥንቸል በጆሮዋ ተንጠልጥላ ስትነሳ ያየን ብዙዎች ነን፤ ልጅ ሆነን ያነሳንም አለን። ጆሮ እጀታ አይደለም። አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከኋላ እግሮቿ ሥር፤ አካሏን ወደ ደረታችሁ አስጠግታችሁ ያዟት። ልጆች፣ እናንተ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ እሷ ትምጣባችሁ።

መቼ ነው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚኬደው? አንገቷ ሲጣመም፣ ስትሽከረከር ወይም ስትወድቅ፣ ዓይኗ ወዲያና ወዲህ ሲርገበገብ። ጆሮዋን አሟት 12 ሰዓት ያህል ካልበላችም እንዲሁ፤ የጥንቸል አንጀት ሥራ ሲያቆም ጆሮው ሳይሆን አንጀቷ ይቀድማታል። ቦታውን የያዘ ጆሮ ሲንጋደድ፣ በአንድ ወገን ብቻ እከክ ሲኖር፣ መጥፎ ሽታ ሲመጣ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ቀጠሮ ያዙ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ጥንቸል አያክምም፤ ሳትታመም በፊት ፈልጉት። ሃውስ ራቢት ሶሳይቲ የተባለው ድርጅት ጥንቸል የሚያክሙ ሐኪሞችን ዝርዝር በየግዛቱ ይዟል። ለሐኪሙም ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። በየወሩ አንድ ጊዜ፣ ከፊት ለፊት፣ በዓይኗ ትክክል ሆናችሁ አንሷትና ቀኑንና ዕድሜዋን ጻፉበት። "ሁልጊዜ እንዲህ ነበረች" ከሚል ቃል ይልቅ የመጋቢትና የሚያዝያ ፎቶ ጎን ለጎን ሲታይ ይናገራል።

ንግግሬን እዚህ ላይ ልግታ፤ ማጓጓዣዎቹ ውስጥ ያሉት እንግዶቻችን ጠበቁን። ጥንቸል ይዛችሁ የመጣችሁ በዕድሜ እንለያይ። ከ6 ወር በታች የሆኑት በቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ፤ እዚያ ዘውዱን እየዳሰስን ጆሮው የት እንደደረሰ እናያለን። ከ6 ወር በላይ ሆነው በቅርቡ ጆሯቸው የተለወጠ፣ ወይም ራሳቸውን የሚነቀንቁ በግራ በኩል፤ እነሱን ቀድመን እናያለን። ልጆች፣ መብራቱን ትንሽ ልንቀንሰው ነው። ባትሪዎቹ ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ አንድ አንድ አንሱና ቀስ ብላችሁ ኑ።